ጠባሳን በቁስል ማከም፦ የሌዘር ቆዳ እድሳት ታሪክ

መግቢያ

ጠባሳ የዳነ ቁስል ነው። በሕክምና መዝገብ ላይ «ድኗል» ተብሎ የተዘጋ ጉዳይ በታማሚው ፊት ላይ ግን ሳይዘጋ ይኖራል። በልጅነቱ የፈላ ውኃ የተደፋበት፣ በጉርምስናው ብጉር ጉንጩን የቦረቦረው፣ በፈንጣጣ ዘመን ታሞ የተረፈ ሰው ሁሉ ይህን ምልክት ተሸክሞ ይዞራል። የዕድሜ መግፋትና የፀሐይ ብርሃን የሚያስከትሉት የቆዳ መሸብሸብም መንስኤው ቢለይም ከጠባሳ ጋር የሚጋራው ነገር አለ። በሁለቱም ዘንድ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር የሚገኘው የኮላጅን ድርና ማግ የቀድሞ ሥርዓቱን አጥቷል።

ይህን የተዛባ ሥርዓት ለማስተካከል ሐኪሞች የደረሱበት መንገድ በመጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፤ አሮጌውን ቁስል በአዲስ ቁስል ማከም ነውና። «እሾህን በእሾህ» እንዲሉ፣ የላይኛው ቆዳ ሆን ተብሎ ይላጣል ወይም ይተኮሳል፤ ከዚያም በራሱ የመዳን ኃይል አዲስ ሽፋን ያበቅላል። ሌዘር ለዚህ ተግባር የዋለው በቅርብ ጊዜ ቢሆንም አሳቡ ከሌዘር በብዙ ዘመን ይቀድማል።

የዚህ ሕክምና ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው እንደ መሣሪያዎች ታሪክ ነው፤ አንዱ መሣሪያ ሌላውን እየተካ፣ አዲሱ ከአሮጌው እየበለጠ የመጣ ያስመስለዋል። በጥሞና ሲመረመር ግን ታሪኩ የኃይል ሳይሆን የልክ ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ሐኪሞቹን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያነጋግሩ የኖሩት ጥያቄዎች አራት ናቸው። ቁስሉ ምን ያህል ይጥለቅ? ሙቀቱ ምን ያህል ጊዜ ይቆይ? ከቆዳው ምን ያህሉ ይነካ? ቆዳውስ የማን ነው? የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በየተራ መልስ አግኝተዋል። አራተኛው ግን ለረጅም ጊዜ በቂ ትኩረት ሳይሰጠው ቆይቷል። ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸውን ታማሚዎች ለሚያክም ሐኪም ደግሞ ከሁሉ የሚቀድመው ይኸው ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሌዘር በፊት፦ የጥልቀት ጥያቄ

ቆዳን ማለስለስና ማደስ ጥንታዊ ልማድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ እንደተጻፈ የሚገመተው የግብፃውያን የሕክምና ጥቅልል፣ የኤበርስ ፓፒረስ፣ ለፊት ቆዳ የሚሆኑ ቅባቶችን ይዘረዝራል። በዘመናዊው ሕክምና ግን የጉዳዩ ሳይንሳዊ መሠረት የተጣለው በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ፓውል ጌርሰን ኡና በ1882 ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ሬዞርሲኖል፣ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድና ፌኖል በቆዳ ላይ የሚያደርሱትን ለውጥ ገለጸ። እነዚህ ውህዶች እንደ ዓይነታቸውና እንደ ጥንካሬያቸው ቆዳን በተለያየ ጥልቀት ይልጣሉ።

ከእነዚህ መካከል ፌኖል እጅግ ጥልቅ የሆነውን ለውጥ ያስገኛል። በ1960ዎቹ በአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በተለየ ቅመማ አዘጋጅተው ለፊት መሸብሸብ በሰፊው ተጠቅመውበታል። ይሁን እንጂ ፌኖል በቆዳ በኩል ወደ ደም ስለሚገባ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል፤ የነካውንም ቆዳ ለዘለቄታው ሊያነጣ ይችላል። ቆዳው ፈካ ባለ ሰው ላይ እምብዛም የማይታወቀው ይህ መንጣት፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ ከቀድሞው ጠባሳ የከፋ ምልክት ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ቆዳን በመሣሪያ መፋቅ ነው። የበርሊኑ የቆዳ ሐኪም ኤርንስት ክሮማየር በ1905 በሞተር የሚሽከረከሩ ትናንሽ መሣሪያዎችን ለጠባሳና ለመሰል የቆዳ ሕመሞች መጠቀሙን አሳወቀ። ከመሣሪያዎቹ ይልቅ ዘመን የተሻገረው ግን የደረሰበት ግንዛቤ ነው። ቁስሉ ከላይኛው ሽፋንና ከውስጠኛው ቆዳ የላይኛው ንብርብር ካላለፈ ያለ ጠባሳ ይድናል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ራሱ ጠባሳ ይተክላል። ለዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዲሱ ሽፋን የሚበቅለው በፀጉር ሥሮችና በላብ ዕጢዎች ውስጥ ከተረፉት ሕዋሳት ነው። እነርሱ ከተነቀሉ ቆዳው የሚበቅልበት ዘር አይኖረውም።

ዘዴው በስፋት የታወቀው ግን በ1953 የኒው ዮርኩ ሐኪም አብነር ከርቲን በፍጥነት የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ጥቅም ላይ ማዋሉን ካሳወቀ በኋላ ነው። ቆዳው በሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ይደነዝዝና ይፋቃል። ሐኪሙም በቂ ጥልቀት ላይ መድረሱን የሚያውቀው ነጠብጣብ ደም ብቅ ብቅ ሲል በመመልከት ነበር። ስለሆነም ውጤቱ በሐኪሙ ዓይንና በእጁ ልምድ ላይ የተመሠረተ ሆነ። ከዚህም በላይ ብሩሹ ደምን በጥቃቅን ነጠብጣቦች መልክ ወደ አየር ይረጫል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኤች አይ ቪ ሲታወቅ ይህ ለሐኪሙም ለረዳቶቹም ብርቱ ስጋት ሆነ። ያለ ደም የሚሠራና ጥልቀቱ አስቀድሞ የሚለካ መሣሪያ በተፈለገበት በዚያ ወቅት ነበር ሌዘር የተዘጋጀው።

የብርሃኑ መወለድና የመጀመሪያው ምልክት

የሌዘር የንድፈ አሳብ ሥር የሚገኘው በአልበርት አይንስታይን ሥራ ውስጥ ነው። አይንስታይን በ1917 ባወጣው ጽሑፍ፣ ኃይል የተሸከመ አቶም በብርሃን ሲነካ በሁሉ ነገር ነኪውን የሚመስል ብርሃን ሊያወጣ እንደሚችል አስረዳ። በ1958 ቻርልስ ታውንስና አርተር ሻውሎው ይህን መርሕ በዓይን ለሚታይ ብርሃን ማዋል እንደሚቻል የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግንቦት 16 ቀን 1960 ቴዎዶር ማይማን በማሊቡ፣ ካሊፎርኒያ፣ በሂውዝ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ የሩቢ ዘንግን በብልጭታ መብራት አነሣሥቶ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። ብርሃኑ ቀይ፣ የሞገድ ርዝመቱም 694 ናኖ ሜትር ነበር።

ይህን ብርሃን ቀድመው ወደ ሕክምና ካመጡት አንዱ የቆዳ ሐኪም ነበር። በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሕክምና ክፍል ኃላፊ የነበረው ሊዮን ጎልድማን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሩቢ ሌዘርን በሰው ቆዳ ላይ ማጥናት ጀመረ። በ1963 ካሳተማቸው ውጤቶች አንዱ፣ ብርሃኑ ቀለም ያለበትን ክፍል፣ ለምሳሌ ጥቁር ፀጉርን፣ በዙሪያው ካለው ነጣ ያለ ቆዳ ይልቅ አጥብቆ እንደሚጎዳ የሚያስረዳ ነበር። ጎልድማን በዘርፉ ታሪክ የሌዘር ሕክምና አባት እየተባለ ይጠራል። ሌዘር ከሜላኒን ጋር ያለው ዝምድና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ መታወቁ ልብ ሊባል ይገባዋል። የቆዳ ቀለም የውጤቱን መልክ እንደሚወስን የሚያመለክተው ማስረጃ ከጅምሩ በሐኪሞች እጅ ነበር።

በ1964 ትውልደ ህንዳዊው ኩማር ፓቴል በቤል ላቦራቶሪ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን ሠራ። የሞገድ ርዝመቱ 10,600 ናኖ ሜትር ሲሆን በዓይን አይታይም። ይህ ሌዘር የሚፈልገው ቀለምን ሳይሆን ውኃን ነው። አብዛኛው የቆዳ ክፍል ውኃ በመሆኑም ጨረሩ እንዳረፈ ሕዋሱ ውስጥ ያለው ውኃ ይፈላል፤ ሕዋሱም ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ስለዚህ ጨረሩ በነጭና በጥቁር ቆዳ መካከል ልዩነት አያደርግም ማለት ይቻላል። ልዩነት የሚያደርገው ጨረሩ ሳይሆን ጨረሩ ለፈጠረው ቁስል ቆዳው የሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህን ሁለተኛ እውነት ግን የሕክምናው ዓለም በሚገባ የተረዳው ዘግይቶ ነበር።

የጊዜ ልክ

በ1970ዎቹ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ሥጋን እየቆረጠ ደምንም እያቆመ እንደ ቢላዋ አገልግሏል። የአርጎን ሌዘር ደግሞ ከልደት ጀምሮ በፊት ላይ ለሚታይ ቀይ የደም ሥር ምልክት ይውል ነበር። ሁለቱም የሚያወጡት ብርሃን ያልተቋረጠ በመሆኑ ሙቀቱ ከታለመለት ቦታ አልፎ ወደ ጎረቤት ሕዋሳት ይዛመት ነበር። በዚህም የተነሣ ምልክቱ ቢጠፋም በቦታው ጠባሳ የሚተካበት ጊዜ ነበር። ሊያስውቡ የመጡት ሕፃናት ፊታቸው ሻካራ ሆኖ ሲመለሱ ማየት ሐኪሞቹን ወደ ጥልቅ ጥያቄ መራቸው።

መልሱ የተገኘው በ1983 ነው። በቦስተን የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታልና የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች የሆኑት ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አዲስ መርሕ አወጡ። ብርሃን በሙቀት አማካይነት አንዱን ነገር ብቻ መርጦ እንዲያጠፋ ሁለት ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ የሚመረጠው ነገር ያንን የሞገድ ርዝመት ከጎረቤቱ ይበልጥ መምጠጥ አለበት። ሁለተኛ፣ ብርሃኑ የሚቆይበት ጊዜ፣ የተመረጠው ነገር የተቀበለውን ሙቀት ወደ ጎረቤቱ ለማሳለፍ ከሚፈጅበት ጊዜ ማጠር አለበት።

ሁለተኛው ሁኔታ የማንኛዋም እመቤት የዕለት ተዕለት ዕውቀት ነው። የጋለ ምጣድን በጣት ነካ አድርጎ ማንሳትና ጣትን በላዩ ላይ ማሳረፍ አንድ አይደሉም። የምጣዱ ሙቀት በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ የሚለየው ቆይታው ብቻ ነው። ለላይኛው የቆዳ ንብርብር ይህ ቆይታ ከሺህኛ ሰከንድ በታች መሆን እንዳለበት ተሰላ። ከዚህ በኋላ የሌዘር ሥራ አቅጣጫው ተለወጠ። ይበልጥ ኃይለኛ መሆን ብቻ ሳይሆን፣ በኃይሉ ላይ አጭር መሆንም ተፈላጊ ሆነ።

የ1990ዎቹ ግለትና ያስከፈለው ዋጋ

በ1980ዎቹ አንዳንድ የአሜሪካ ሐኪሞች የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን በፀሐይ ለተጎዳ ከንፈርና ለፊት መሸብሸብ መሞከር ጀምረው ነበር። ሰፊ ተግባራዊነት ያገኘው ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የጊዜውን መርሕ የተከተሉ መሣሪያዎች ገበያ ላይ ሲውሉ ነው። መሣሪያዎቹ ወደ አንድ ግብ በሁለት መንገድ ደረሱ። «አልትራፐልስ» የተባለው ኃይሉን ከሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ምት ይለቅቃል። «ሲልክታች» የተባለው ደግሞ ያልተቋረጠውን ጨረር በቆዳው ላይ በፍጥነት እያሽከረከረ በአንድ ቦታ ላይ እንዳይዘገይ ያደርጋል። የካሊፎርኒያው የቆዳ ሐኪም ሪቻርድ ፊትዝፓትሪክ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በ1996 ያሳተመው ጥናት የዘዴውን ውጤት በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ነበር።

ውጤቱ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነበር። የላይኛው ሽፋን ሲነሣ ከሥሩ ያለው ኮላጅን በሙቀቱ ተኮማትሮ ቆዳው በሐኪሙ ዓይን ፊት ይሰበሰባል። በቀጣዮቹ ወራትም አዲስ ኮላጅን ይሠራል። ከአፍ ዙሪያና ከዓይን ሥር ያሉ ጥልቅ መሸብሸቦች ይለሰልሳሉ፤ የብጉር ስርጉዶችም ይሞላሉ። ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ዜናውን አራገቡት፤ ሕክምናውም ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ውበት ክሊኒኮች ገባ።

ዋጋው የታወቀው ግን ቀስ በቀስ ነው። የታከመው ሰው ፊቱ እርጥብ ቁስል ሆኖ ለአንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ቅላቱ ለወራት አይለቅም። በከንፈር ዙሪያ ተኝቶ የኖረ የሄርፒስ ቫይረስ ነቅቶ ፊቱን ሊያዳርስ ስለሚችል ፀረ ቫይረስ መድኃኒት አስቀድሞ መስጠት የተለመደ ሆነ። አንዳንዱ ታማሚ በአንገትና በአገጭ ሥር አዲስ ጠባሳ አበቀለ፤ በእነዚህ ቦታዎች ለቆዳው መታደሻ የሚሆኑት የፀጉር ሥሮችና ዕጢዎች ከፊት ይልቅ ጥቂት ናቸውና። ከሁሉም የከፋው ዘግይቶ የሚመጣው መንጣት ነበር። ሕክምናው ተሳካ ተብሎ ታማሚው ከተሸኘ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በኋላ፣ የታከመው ክፍል ቀለሙን እያጣ ከአንገቱ ጋር ወሰን የተበጀለት ጭምብል ይመስላል። ይህን ለመመለስ የሚያስችል አስተማማኝ መድኃኒት አልነበረም።

መፍትሔ ፍለጋው የኤርቢየም ሌዘርን አመጣ። በ1996 በአሜሪካ ለዚህ ሥራ የተፈቀደው ይህ ሌዘር የሞገድ ርዝመቱ 2,940 ናኖ ሜትር ሲሆን፣ ውኃ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ይልቅ ከአሥር እጥፍ በላይ ይመጥጠዋል። ስለዚህ እጅግ ስስ ንብርብር ብቻ ያነሣል፤ ከሥሩም የሚተወው የሙቀት ጉዳት ጥቂት ነው። ቁስሉ ፈጥኖ ይድናል፤ ቅላቱም አይዘገይም። ነገር ግን ሙቀቱ በመቀነሱ የኮላጅኑ መኮማተርም ቀነሰ፤ ደሙም በቀላሉ አይቆምም። ጉዳቱን የቀነሰው ነገር ጥቅሙንም ቀነሰ ማለት ነው። በጥልቀትና በጊዜ ልክ ብቻ ከዚህ አጣብቂኝ መውጣት አልተቻለም።

የስፋት ልክ

መውጫው የተገኘው ማንም ባልጠረጠረው አቅጣጫ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሐኪሞች ሁሉ የፊትን ቆዳ እንደ አንድ ወጥ ገጽ ተመልክተው ሙሉውን ያነሡ ነበር። በ2004 ዲተር ማንስታይን፣ ሮክስ አንደርሰንና ባልደረቦቻቸው ሙሉውን ገጽ መንካት አስፈላጊ አለመሆኑን የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ። ጨረሩ እጅግ ወደቀጠኑ ዘንጎች ተከፋፍሎ በቆዳው ላይ ይተኮሳል። እያንዳንዱ ዘንግ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሙቀት ዓምድ ይፈጥራል። በዓምዶቹ መካከል ያለው ቆዳ ሳይነካ ይቀራል። የታከመው ቆዳ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነጠብጣቦቹ በእንጀራ ላይ እንደሚታዩት ዓይኖች ተበትነው ይገኛሉ።

የዘዴው ጥበብ ባልተነካው ክፍል ላይ ነው። እያንዳንዷ ጥቃቅን ቁስል በጤነኛ ቆዳ የተከበበች በመሆኗ መታደሻዋ ቅርብ ነው። በጥናቱ ላይ የላይኛው ሽፋን በአንድ ቀን ውስጥ ሲጋጠም ታይቷል። ዓምዱ ግን ከዚያ በፊት ያለ ስጋት ሊደረስበት ወዳልቻለ ጥልቀት ይወርዳል። ክሮማየር በ1905 «ከዚህ በታች አትውረድ» ብሎ ያሰመረው ወሰን በዚህ መንገድ ታለፈ። የታለፈው ሕጉ ሐሰት ሆኖ ሳይሆን፣ ለመታደሻ የሚሆነው ዘር ከሥር ሳይሆን ከጎን መገኘቱ ስለታወቀ ነው። ብዙም ሳይቆይ መርሑ ለካርቦን ዳይኦክሳይድና ለኤርቢየም ሌዘሮችም ተግባራዊ ሆነ። ዛሬ «ፍራክሽናል» በመባል የሚታወቀው የአሠራር ዓይነት ይህ ነው።

ቆዳው የማን ነው?

በቆዳ ሌዘር ጽሑፎች ውስጥ ሁለት ፊትዝፓትሪኮች ይገኛሉ፤ አንባቢም አንዱን ከሌላው ሲያምታታ ይታያል። ከካሊፎርኒያው ሪቻርድ ሌላ፣ የሃርቫርዱ ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ የሚመድብ ሚዛን አዘጋጅቷል። የሚዛኑ መነሻ ዓላማ የሶርያሲስ ታማሚዎች የሚያስፈልጋቸውን የአልትራቫዮሌት ብርሃን መጠን ለመወሰን ነበር። መጀመሪያ የተዘጋጀው ለነጭ ቆዳ ሲሆን አራት ደረጃዎች ብቻ ነበሩት። ቡናማና ጥቁር ቆዳ አምስተኛና ስድስተኛ ደረጃ ሆነው የተጨመሩት ቆይቶ ነው፤ ስድስቱም ደረጃዎች በ1988 በወጣው ጽሑፍ ላይ ተዘርዝረዋል። የዓለምን ብዙ ሕዝብ የሚያቅፉት ሁለቱ የመጨረሻ ደረጃዎች መጨረሻ መምጣታቸው የዘርፉን ትኩረት በአጭሩ ይናገራል።

የ1990ዎቹ የሙሉ ፊት እድሳትም የተመከረው በዋነኛነት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ነበር። ለዚህ በቂ ምክንያት ነበረው። የቀለም ሕዋሳት ቁጥር በነጭና በጥቁር ሰው ቆዳ ውስጥ ተመሳሳይ ቢሆንም፣ በጠቆረው ቆዳ ውስጥ የቀለም ቅንጣቶቹ ትልልቅ፣ ብዙና ለየብቻቸው የተሰራጩ ናቸው። ሕዋሳቱም ለማንኛውም ብግነት ቀለም በማብዛት ይመልሳሉ። ብጉርን ያፈረጠ ወይም በትንኝ የተነከሰ ጠይም ሰው ለወራት ጥቁር ነጥብ እንደሚይዝ ሁሉ፣ በሌዘር የተተኮሰው ቆዳም ይጠቁራል። ከዚህ ሌላ ኬሎይድ የማብቀል ዝንባሌም በጠቆረ ቆዳ ላይ ከፍ ያለ ነው።

ቆዳን በብርሃን አፍዛዥ ቅባቶች አስቀድሞ ማዘጋጀት ይህን ጥቁረት ያስቀራል የሚል እምነት ነበር። በ1999 የታተመ ጥናት ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር በፊት የሚሰጠው ዝግጅት የጥቁረቱን መጠን እንዳልቀነሰ አሳየ። ፍራክሽናል ሌዘር ሲመጣም ተስፋ ታደሰ፤ እውነትም አደጋው ቀነሰ፤ ነገር ግን አልጠፋም። በሆንግ ኮንግ በእስያውያን ላይ ተደርጎ በ2007 የታተመ ጥናት ወሳኝ ትምህርት ሰጠ። ጥቁረቱን በይበልጥ የሚያስከትለው የዓምዶቹ መጠጋጋት መሆኑን አመለከተ። ስለዚህ ለጠቆረ ቆዳ ጨረሩን አራርቆ መተኮስ፣ የሕክምናውን ጊዜያት አብዝቶ በመካከላቸው ረዘም ያለ ዕረፍት መስጠት፣ በተሰወረ ቦታ ላይ አስቀድሞ መሞከር የጥንቃቄ መመሪያ ሆነ።

ብርሃንን ጨርሶ የማይጠቀም መንገድም ከአፍሪካ ምድር ተገኝቷል። የኬፕ ታውኑ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ዴዝመንድ ፈርናንዴስ በጥቃቅን መርፌዎች የተሞላ ተሽከርካሪ መሣሪያ ሠርቶ፣ ቆዳው ሳይላጥና ሳይቃጠል ኮላጅን እንዲሠራ የሚያነሣሣበትን ዘዴ አዳበረ። ዘዴው የላይኛውን ሽፋን ስለማያነሣ በጠቆረ ቆዳ ላይ የሚያስከትለው የቀለም መዛባት አነስተኛ ነው፤ ዋጋውም ከሌዘር በእጅጉ ይረክሳል። በውጤቱ ጥልቅ ጠባሳ ላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን ሁልጊዜ አይተካም፤ ለብዙ ታማሚ ግን በቂ ነው።

ከውበት ወደ ማገገም

ሌዘር ለብዙ ዓመታት የሚታወቀው የባለጸጎች የውበት መሣሪያ ሆኖ ነበር። ይህን ስም የለወጠው የቃጠሎ ጠባሳ ነው። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች በፈንጂ የተቃጠሉ ወታደሮችን ያከሙ የአሜሪካ ወታደራዊ ሐኪሞችና በቦስተን የተቃጠሉ ሕፃናትን የሚያክሙ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች፣ ፍራክሽናል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የጠጠረ ጠባሳን እንደሚያለሰልስ ተገነዘቡ። የተጨማተረ ክንድ መዘርጋት ጀመረ፤ የሚያሳክከውና የሚያመው ጠባሳ ቀለለ። በ2014 አንደርሰንን ጨምሮ በመስኩ የታወቁ ሐኪሞች ለአደጋ ጠባሳ የሚሆን የጋራ ምክር አሳተሙ። በዚህ ሕክምና ጨረሩ ጠልቆ ይወርዳል፤ የሚነካው ስፋት ግን ከቆዳው ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው። አራቱም ልኮች በአንድ ቦታ የተገናኙበት ምሳሌ ይህ ነው ቢባል ያስኬዳል።

በዚሁ ዘመን የቆዩ ደንቦችም እንደገና ተፈትሸዋል። ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የወሰደ ሰው ስድስት ወር ሳይሞላው በሌዘር አይነካ የሚለው ደንብ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ኖሯል። በ2017 የወጡ የባለሙያዎች ምክሮች ግን ለቀላል ልጣጭና የላይኛውን ሽፋን ለማያነሡ ሌዘሮች ይህን ያህል መጠበቅ በቂ ማስረጃ እንደሌለው ገልጸዋል። መላውን ፊት ለሚልጥ ሌዘርና በብሩሽ ለሚደረግ ፋቂ ግን ጥንቃቄው ጸንቷል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሐኪም የሩቅ ወሬ አይደለም። በደጋውና በወይና ደጋው ቁንጭር ፊትን በልቶ፣ አፍንጫንና ጉንጭን አበላሽቶ የሚተወው ጠባሳ የታማሚውን ትዳር፣ ትምህርትና ማኅበራዊ ኑሮ ይነካል። በዚሁ በሽታ በምትጠቃው ኢራን ሐኪሞች የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን ለቁስሉም ሆነ ለጠባሳው ሞክረዋል። በማድቤት እሳትና በፈላ ውኃ የሚቃጠሉ ሕፃናት ጠባሳም እንዲሁ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል የአገሩ ሕዝብ ቆዳ አብዛኛው ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ደረጃ ይመደባል። ከፍተኛ ቦታ ላይ የሚኖረውም ሕዝብ ብርቱ ፀሐይ ያገኘዋል። ከሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ፀሐይን መከላከል ግዴታ በመሆኑ፣ በግብርና ወይም በጎዳና ንግድ የሚተዳደር ታማሚ ይህን ማድረግ መቻሉን ሳይጠይቁ ሌዘር ማዘዝ ጉዳትን ማዘዝ ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

በባህላዊው ሕክምና በጋለ ብረት መተኮስ ለብዙ ዘመን የታወቀ ፈውስ ነው። ሌዘርም በመሠረቱ መተኮስ ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው የእሳቱ ዓይነት ሳይሆን ልኩ ነው። ክሮማየር የጥልቀቱን፣ አንደርሰንና ፓሪሽ የጊዜውን፣ ማንስታይንና ባልደረቦቹ የስፋቱን ልክ አስተምረዋል። እያንዳንዱ ትምህርት የተገኘው በቀደመው ዘመን የታከሙ ሰዎች ፊት ላይ በቀረ ምልክት ዋጋ ነው።

አራተኛው ልክ፣ የቆዳው ባለቤት ማንነት፣ ከማሽኑ ጋር በሚመጣው መመሪያ ውስጥ ተሟልቶ አይገኝም። በመመሪያው ላይ የተቀመጠው የኃይል መጠን የተወሰነው በሌላ ሰው ቆዳ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ማሽኑን ከማብራቱ በፊት ታማሚው ቀደም ሲል ቢቆስል ቆዳው እንዴት እንደዳነ፣ ጠቁሮ እንደሆነ፣ ኬሎይድ አብቅሎ እንደሆነ፣ የከንፈር ሄርፒስ ይዞት ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል። በተሰወረ ቦታ ሞክሮ ሳምንታትን መታገሥም አለበት። ለታማሚውም ጠባሳው እንደሚደበዝዝ እንጂ ጨርሶ እንደማይጠፋ በግልጽ መንገር የሙያው ግዴታ ነው። ጠባሳውን ተሸክሞ የመጣ ሰው ሁለተኛ ጠባሳ ይዞ እንዳይመለስ የሚያደርገው ከጨረሩ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ነው።